አሜን ያልኩበት ክረምት

ሶማሌ ተራ፣ አዲስ ከተማ
ሰኔ 24 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ዱባለ
ጅቡቲ

እንዴት ሰነበቱ ጋሼ? ያ የጅቡቲ ፀሐይ እንዴት ይዞዎታል? እኛ ዝናቡ ከላይ፣ ጭቃው ከታች እየተቀባበሉን፣ ተመስገን፣ ቆመን እንሄዳለን። ራጉኤል በሄድኩ ቁጥር በስምዎ ጧፍ አበራለሁ። ጤናዎን ይስጥልኝ፣ ካሰቡበት ያድርስዎት። ሰላምታውን እዚህ ላይ ላቁመው፤ አንጀቴ እያረረ ሰላምታ ማስረዘም አልችልበትም።

አባቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሊሞቱ ሲሉ «የአክስቴ ልጅ ዱባለ አለልሽ» ብለውኝ ነበር። እስከዛሬ በሰላም ይኑሩ ብዬ አልነካሁዎትም። ዛሬ ግን «አሉልኝ ወይ?» የምልበት ቀን ደረሰ።

ያችን የጋሼ ሙሉብርሃንን የሂሳብ ቢሮ አልነግርዎትም፣ እርስዎም በወጣትነትዎ ተቀምጠውባታል። ያው ከብርድ ልብስ መደብሩ በላይ ነን፤ ደረጃው አሁንም ሰው ሲወጣበት ያቃስታል። ጋሼ ሙሉብርሃን ከፋሲካ በኋላ ታመሙና ግራ ጎናቸው አልታዘዝ አላቸው። ከአልጋቸው ሆነው ሁላችንንም ቤታቸው አስጠሩን። እኔ የክት ቀሚሴን ለብሼ ሄድኩ። ለምን ይመስልዎታል? «አልጋነሽ፣ ቢሮውን ተረከቢ» ሲሉኝ በአሮጌ ቀሚስ እንዳልቆም ነዋ!

ምን አሉ? «ሰዓደት ትምራው» አሉ።

ሰዓደት ማን ናት አይሉም? ከንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ዲፕሎማዋን ይዛ ትናንት የመጣች የስልጤ ልጅ። ድምጿ ከመደመሪያ ማሽናችን ያንሳል። ስትናደድ እንኳ አይታወቅባትም፤ ሰው ሲናደድ ካልታወቀበት ምኑን ሰው ሆነ? እኔ እናቴ በርበሬ ተራ ስትሸጥ ከጆንያው ሥር ተቀምጬ ነው መደመር የተማርኩት። አስተማሪ አልነበረኝ፣ ደብተር አልነበረኝ። የሚዋሽ ነጋዴ ገና ደረጃውን ሲወጣ በኮቴው አውቀዋለሁ። በዚያች ቢሮ ስንት ክረምት ያሳለፍኩ እኔ! ይሄ ሁሉ ተረስቶ፣ ሰዓደት!

በዚያ ላይ ሁለት ሠራተኞች ጥለውን ሄደዋል፤ አንዱ መንግሥት እርሻ ገባ፣ አንዱ አሰብ ወረደ። የቀረነው አራት ነን። ሰዓደት አለች፣ እኔ አለሁ። መዝገብ ያዡ ከተማ አለ፤ ላጤ ነው፣ ሥራው ኡፍ ማለት ነው፣ ኡፍ ሲል ከጠረጴዛዬ ላይ ወረቀት ይነሳል። ታይፒስቷ ሠርኬ ደግሞ ገና ከአራስ ቤት ወጥታ ልጇን ለእናቷ ትታ ነው የምትመጣው፤ ዓይኗ ሁልጊዜ እንዳበጠ ነው። ሐምሌ ሊገባ ሳምንት ቀረው። ሐምሌ ሲገባ መርካቶ ምን እንደሚሆን መቼም አይረሱትም፤ ዓመቱን ሙሉ ግብር የሚባል ቃል ሰምቶ የማያውቅ ነጋዴ ሁሉ ደረሰኙን በጆንያ አሸክሞ ደረጃችን ላይ ይሰለፋል። ያን ጎርፍ እኔ ልዋኘው፣ አለቃ እሷ ልትባል!

ስለዚህ ጋሼ፣ እዚያ ትራንዚት ድርጅት ውስጥ የሂሳብ ሹም ነዎትና አንድ ወንበር ይፈልጉልኝ። ይሄን ደብዳቤ በባቡር ሠራተኛው በአቶ ቶላ እጅ ነው የላክሁት፤ ፖስታ ቤቱ ዓይኑ ብዙ ነው። መልሱንም በሱ ይላኩልኝ።

ንዴቴ ገና አላለቀም፣ ያለቀው ወረቀቱ ነው።

የአባቴን ዘመድ ያቆይልኝ፤
አልጋነሽ


ጅቡቲ
ሐምሌ 8 ቀን 1972 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለአልጋነሽ

ቸሩ አምላክ አንቺንም ቤትሽንም ይጠብቅ፤ የአባትሽን ነፍስ በደጋጎቹ ጎን ያኑርልን። እኔ ከሙቀቱ በቀር ደህና ነኝ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ አንዴ ለቁም ነገሩ፣ አንዴ ለሳቁ።

ቦታ አለ። የሂሳብ ክፍል ረዳት ሹም ሆነሽ ትገቢያለሽ። የሚያስፈልገኝ ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍና ከቢሮሽ የመልቀቂያ ደብዳቤ ነው። እሱን ስትልኪልኝ ድርጅቱ የጥሪ ወረቀት ይጽፋል፤ በሱ የመውጫ ፈቃድ ትጠይቂያለሽ። እስከ ነሐሴ መጨረሻ ድረስ ቦታውን ይዤልሽ እቆያለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሁለት ሰው ጎድሎ ሐምሌን እንዴት ልትወጡት ነው? ያች ልጅ ሠራተኛውን በምን ትይዘዋለች? እዚህ ቀትር ላይ ጫት ሲገባ ከተማው በሙሉ ይዘጋል፤ የኔም ሠራተኞች ወጥተው የሚመለሱት ደስ ሲላቸው ነው። ብትነግሪኝ አልጠላም።

ጋሼ ሙሉብርሃንስ እንዴት ናቸው? ስለ እኔ ያነሳሉ?

ወንድምሽ ዱባለ


ሶማሌ ተራ
ሐምሌ 19 ቀን 1972 ዓ.ም.

ጋሼ ዱባለ፣ ጌታዬ

ይህ ደብዳቤ በደህና ያግኝዎት። ላደረጉልኝ ሁሉ እግዜር ውለታዎን ይክፈልልኝ። ፎቶውን አልላክሁም። ፎቶ ቤቱ «ወረቀት የለም፣ ሳምንት ተመለሺ» ብሎኛል። ለነገሩ ሳምንቱ አልፏል፤ እኔ ነኝ ያልተመለስኩት፣ ጊዜ ከየት ይምጣ?

በምን ትይዛችኋለች ብለዋል። ልንገርዎት፣ ግን አደነቀች እንዳይሉኝ። እኔ እውነቱን ነው የምናገረው፤ እውነት ደግሞ ከማይወዱት ሰው ጋር ሲቆም ያናድዳል።

መጀመሪያ ምን አደረገች? የጋሼ ሙሉብርሃንን ጠረጴዛ ከዚያ ከተዘጋው ክፍል በሸካሚ አስወጥታ እኛ መሐል አስቀመጠችው፣ በሩ ጋ፣ ብርዱ በሚገባበት። ክፍሉ ውስጥ ፍራሽ አነጠፈች። «ያዞረው ሰው ገብቶ ጋደም ይበል፣ ማንም አይጠይቀውም» አለች። እኔ «አሁን ሁሉም ሊተኛ ነው» ብዬ በሆዴ ሳቅሁባት። ሲፈቀድለት ማን ተኛ ይመስልዎታል? ሠርኬ ብቻ፣ እሷም ጡቷ ሲያማት።

ሁለተኛ፣ «ስንት ቀረ?» ማለት ከለከለች። ያልተነካው ጆንያ ሁሉ ታች ብርድ ልብስ መደብሩ መጋዘን ይቀመጣል፣ ወደ ላይ የሚመጣው አንድ አንድ ነው። ያለቀው ግን ፊት ለፊታችን መደርደሪያ ላይ ይቆማል። ከተማ ራሱ ኡፍ ሊል ቀና ሲል ያለቀውን ያይና ይተወዋል።

ሦስተኛው የኔ ነው። «የተናደደ ሰው ደረጃው ላይ ወጥቶ እስኪወጣለት ይጩህ፤ ሲመለስ ግን ለሁላችንም የተጠበሰ በቆሎ ይዞ ይግባ» አለች። ጋሼ፣ የዚህን ክረምት በቆሎ የገዛው የኔ ቁጣ ነው! ከራጉኤል በታች የምትጠብሰው ሴትዮ ገና ከሩቅ ስታየኝ «ዛሬ ደግሞ ማን ነው?» ትለኛለች። ረመዳን ስለሆነ ሰዓደት ቀን አትቀምስም፤ የሷን ድርሻ በጋዜጣ ጠቅልለን እናስቀምጥላታለን። እኛ ምሳ ልንበላ ስናፍር ራሷ ተነስታ ሳህኑን ከፍታ «ብሉ፣ የኔን ጦም ለናንተ አላከፋፈልኩም» ትላለች። በዚያች ቀጭን ድምጿ።

ዋናው ግን ምርቃቱ ነው። በጋሼ ሙሉብርሃን ጊዜ ነጋዴው ሂሳቡ ሲዘጋለት ክፍሉ ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ ያመሰግናል፣ ይሄዳል። እኛ በሩን ነበር የምናየው። ሰዓደት ምን አደረገች? የመጀመሪያው፣ አንድ የቆርቆሮ ነጋዴ ሽማግሌ፣ ወረቀቱን ይዞ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆመች።

«አባባ፣ የርስዎን ሂሳብ የዘጋችው ሠርኬ ናት። ሳይመርቋት አይወጡም።»

«የምን ምርቃት? ለመንግሥት አይደል እንዴ የምከፍለው!»

«ክፍያው ለመንግሥት፣ ምርቃቱ ለሠርኬ።»

ሽማግሌው ዞር ዞር ብሎ ወደ እኛ አየ። ዣንጥላውን አስቀመጠ። ከዚያ ሁለት መዳፉን ዘረጋ፤ «እጅሽ አይዛል። ዓይንሽ አይፍዘዝ። ጥለሽው የመጣሽው ልጅ አድጎ ይጡርሽ። የደከምሽበት ይታይልሽ…» ማን እንደነገረው አላውቅም፣ ልጅ እንዳላት። እኛም አንድ ላይ «አሜን!» አልን። ሠርኬ አለቀሰች፣ ግን ሌላ ዓይነት ልቅሶ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ቀድማን ነው የምትገባው።

ከተማን ደግሞ አንዷ የቅቤ ነጋዴ «ጎጆ ያውጣህ፣ ደርባባዋን ይስጥህ» ብላ ስትመርቀው ከሚገባው በላይ ጮኸን አሜን አልን። ይኸው ጢሙን በየቀኑ ይላጫል።

አሜኑ ግን መንገድ ወጣ። አንድ ቀን የቀበሌያችን ተመራጭ ጓድ አሸብር ካኪውን ለብሶ ከች አለ።

«ምንድነው ይሄ በየሰዓቱ አሜን አሜን? ያለፈቃድ የሃይማኖት ስብሰባ ነው?»

ከተማ አመድ መሰለ። እኔ አፌን ልከፍት ስል ሰዓደት በዓይኗ ዘጋችኝ።

«አይ ጓድ፣ ግብር ከፋዩ ነው የሚመርቀን። ግብሩ የአብዮቱ አይደል? ለአብዮቱ የሚደክም ሰው ታዲያ አይመረቅም? እንደውም እርስዎ የሕዝብ ተመራጭ ነዎት፤ እስቲ አንዴ ይመርቁን።»

ጓድ አሸብር ወደ በሩ አየ፣ ወደ እኛ አየ። ቀበቶውን አስተካከለ። መዳፍ መዘርጋቱ ከበደውና ግራ እጁን ጨብጦ አነሳ። «አብዮታዊት እናት ሀገር፣ ወይም ሞት!»

«አሜን!» አልን።

ከተማ «ለመጀመሪያው ብቻ» ብሎ በሆዱ ጨምሮበታል፤ ኋላ ነው የነገረን። ጓዱ ከሄደ በኋላ በሳቅ ማሽኑ ላይ ተደፋን። ሰዓደት ብቻ አልሳቀችም፣ ጆሮዋ ግን ቀልቶ ነበር።

ይኸው ነው። አለቃነቱ የኔ ነበር፣ አሁንም የኔ ነው እላለሁ። ወደ እርስዎም መምጣቴ አይቀርም። ለጊዜው ግን የመደመሪያ ማሽን የቀለም ሪባን ይላኩልኝ። እዚህ ጠፍቷል፤ ያለው ደርቆ ስምንቱ ሦስት ይመስላል።

በምሕረቱ ይጠብቅዎት፤
አልጋነሽ


ጅቡቲ
ሐምሌ 28 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለአልጋነሽ

የፍልሰታ ጦም በሰላም ይግባልሽ። ሪባኑን አቶ ቶላ ይዞልሻል። ስለ ጓዱ የጻፍሽውን ቀድጄ አቃጥያለሁ፤ አንቺም እንዲህ ያለ ነገር በወረቀት አታስፍሪ።

ፎቶግራፍ አልደረሰኝም። የመልቀቂያ ደብዳቤም አልደረሰኝም። ድርጅቱ ይጠይቀኛል፤ ከነሐሴ 20 ወዲያ አልጠብቅም ብሏል።

ስለ ምርቃቱ አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ነጋዴው ሲታዘዝ ይመርቃል እንበል። ሠራተኛውስ ታዞ መሆኑን እያወቀ እንዴት ደስ ይለዋል? እባክሽ አስረጂኝ።

ጋሼ ሙሉብርሃን እንዴት እንደሆኑ አልነገርሽኝም።

ዱባለ


ሶማሌ ተራ
ነሐሴ 9 ቀን 1972 ዓ.ም.

ጋሼዬ

እመቤታችን በጥላዋ ትያዝዎት። ሪባኑ ደርሷል፤ ስምንታችን ስምንት ሆኗል፣ ይባረኩ። ተሸወድኩ! እኔ አልጋነሽ፣ የመርካቶ ልጅ፣ በጠራራ ፀሐይ ተሸወድኩ! ለነገሩ ዝናብ ነበር።

ከመጀመሪያው ልንገርዎት። ነሐሴ ሲገባ የኛ ፍልሰታና የነሱ ረመዳን መጨረሻ ተገናኙ። ቢሮው ሙሉ ጦመኛ ሆነ። ሆድ ባዶ ሲሆን ሰው እንዴት እንደሚሆን ያውቃሉ። ከተማ ኡፍታውን ጀመረ። እኔ በአንድ ቀን ሁለቴ ደረጃው ላይ ወጣሁ፣ በቆሎውም የሚበላው ጠፍቶ ተከመረ። ሠርኬ አንድ ገጽ ሙሉ ታይፕ አድርጋ ስትጨርስ ካርቦኑን ገልብጣ ማስገባቷን አይታ ቁጭ ብላ አነባች። አበቃልን ብዬ ነበር፣ እውነቴን ነው የምልዎት።

በማግስቱ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሰዓደት ማሽኖቹን ጸጥ አሰኘችና ጠረጴዛዎቹን ገጠመች። እናቷ ቤት ያሠራችውን አመጣች፤ ሳምቡሳ፣ ሾርባ፣ ተምር። ሠርኬ እጇን ሰበሰበች፣ «እኛ እኮ ጦም ነን፣ ሥጋና ቅቤ…» ሰዓደት ምን አለች? «ሳምቡሳው ምስር ነው። ሾርባው ዘይት ነው። እቤታችን እስከ ኢድ ሥጋ አይገባም፤ አባቴ ተቆጥቷል፣ ግን በልቷል።» እኛ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ መቅመስ እንችል ነበር። ማንም አልቀመሰም፤ እሷን ጠበቅናት። ከመስጊዱ አዛን ሲሰማ አምስት ጣቷን ወደ ተምሩ ልካ መጀመሪያ ለኔ ሰጠችኝ። ለኔ! ስንት ነገር ለተናገርኳት።

ሰውን ማድነቅ አላውቅበትም ጋሼ፤ ያደግሁት በርበሬ ተራ ነው፣ እዚያ ይማርህ የሚባለው ሰው ሲያስነጥስ ብቻ ነው። ግን ያን ማታ ቤቴ ስሄድ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ ቆሜ ለብቻዬ «በደንብ ነው የመረጧት» አልኩ። ማንም አልሰማም፣ ከርስዎ ሌላም ማንም አይወቅ።

ግን ውሳኔዬን አልለወጥኩም! ፎቶውን ተነስቼ ነበር። የመልቀቂያ ጥያቄዬንም ጽፌ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤዋለሁ። የሐጂ ሰላሁዲንን ሂሳብ ልዝጋና ልሰጣት ነበር። ሐጂ ሰላሁዲን የአቡጀዲ ጅምላ ነጋዴ ናቸው፤ የሳቸው ሂሳብ የዚህ ክረምት ተራራ ነበር፣ እኔ ነኝ የወጣሁት። ከትናንት በስቲያ፣ በኢድ ማግስት፣ ነጭ በነጭ ለብሰው መጡ። ወረቀቱን አገላብጠው አዩ። ሰዓደት በሩ ላይ ናት። «ሐጂ፣ ይህ የእትዬ አልጋነሽ ሥራ ነው።»

ሐጂ መዳፋቸውን ዘረጉ። እኛም ዘረጋን።

«አላህ እጅሽን ይባርከው።» አሜን! «ምላስሽን አያደንዘው፣ ለኛ ጠበቃችን ነው።» አሜን! ከተማ ሳቀ። «ክፉ አይይሽ፣ ጉልበትሽ አይክዳሽ።» አሜን! «የናቀሽ ያክብርሽ፣ ስምሽ በደግ ይነሳ።» አሜን! እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እየቀለጥኩ ነው ጋሼ። እንዲህ ብሎኝ የሚያውቅ ሰው የለም፤ እናቴም አላለችኝ። «ይህን ቤት በእጅሽ ያቁመው፣ ከዚህ ቤት አይነጥልሽ።»

«አሜን!»

የማን ድምፅ ቀደመ? የኔ! ከሁሉ በላይ የጮኸው የኔ ነው! አፌን ስዘጋ ነው ያልኩት ነገር የገባኝ። ቦርሳዬ ከጎኔ፣ ደብዳቤው በውስጡ፣ እኔ ሰው ፊት መዳፌን ዘርግቼ አትነጥለኝ ብዬ!

ደረጃው ላይ ወጣሁ። ከዚያ ቀን በፊት የጮህኩት ሁሉ ሹክሹክታ ነበር ይበሉት። የብርድ ልብሱ ነጋዴ ሳይቀር ብቅ አለ። ሰዓደት ተከትላኝ ወጣች።

«አንቺ ነሽ ያዘዝሽው!» አልኳት።

«አላዘዝኩም። ምን ላድርግላት ሲሉኝ፣ እንዳትሄድብን ይመርቁልኝ አልኳቸው።»

«እንደምሄድ ማን ነገረሽ?»

«ባለፈው ሰኞ ፀጉርሽን ተሠርተሽ መጣሽ። በዚህ ዝናብ ማን ፀጉር ይሠራል እትዬ አልጋነሽ? ፎቶ ልትነሺ ካልሆነ።»

ጋሼ፣ ነጠላዬን ፀጉሬ ላይ ሳብኩት። እሷ ግን ቀጠለች። «ልታስፈርሚኝ ከሆነ አምጪው፣ አሁኑኑ እፈርማለሁ። በግድ የተያዘ ሰው አልፈልግም። ጋሼ ሙሉብርሃን እኔን ሲመርጡ እንዳዘንሽ አውቃለሁ፤ እኔም ባንቺ ቦታ ብሆን አዝን ነበር። ምርቃቱ ግን የሐጂ ነው፣ እኔ ላነሳው አልችልም።» ብላኝ ታች ወረደች። የት ሄደች ይመስልዎታል? በዝናቡ በቆሎ ገዝታ መጣች። እሷ ናት የገዛችው፣ ቁጣው የኔ ሆኖ!

ታዞ የመጣ ምርቃት እንዴት ያስደስታል ብለውኛል። እኔም አላውቅም፤ የማውቀው ማልቀሴን ነው።

አሁን ይፍረዱኝ። እርስዎ ልጅ ሆነው ዲያቆን ነበሩ። ሰው አሜን ያለውን መመለስ ይችላል? ሳላስበው ከሆነስ? የቄስ ሳይሆን የሐጂ ምርቃት ከሆነስ? ፎቶዎቹ ቦርሳዬ ውስጥ ናቸው። ከመልስዎ በፊት አልነካቸውም። ቶሎ ይበሉ፣ ያሉት ቀን እየደረሰ ነው።

የተሸወደችው ዘመድዎ፤
አልጋነሽ


ጅቡቲ
ጳጉሜን 1 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለእህቴ ለአልጋነሽ

ዘመኑ በሰላም ይለወጥልሽ። ስለዘገየሁ ይቅር በይኝ። ደብዳቤሽ በጊዜው ደርሶኝ ነበር፤ መልሱ ነው የቸገረኝ።

ድቁናውን የተውኩት ድምፄ ሳይጎረምስ ነው፤ ሊቅ አይደለሁም። የማውቀውን ልንገርሽ። አሜን ማለት ይሁን ማለት ነው። መራቂው ማንም ይሁን ማን፣ የሚሰማው አንድ ነው። ሰው ይሁን ብሎ ሲያበቃ አይሁን ለማለት ቢፈልግ፣ አብሮት አሜን ያለውን ሰው ሁሉ ሰብስቦ አንድ ላይ አይሁን ማሰኘት አለበት። አንዱ እንኳ እምቢ ካለ ምርቃቱ እንደጸና ይቀራል። እኔ እንዲህ እፈርዳለሁ።

ስለ ቦታውም ልንገርሽ። ነሐሴ 20 አልፏል፤ ቦታው ግን አልተያዘም። አንድ ቦታ አይደለም ያለኝ። ከሐምሌ ወዲህ ሠራተኞቹ አንድ በአንድ ሄደዋል፤ ከኔ ጋር የቀረው ዋበሪ የሚባል አንድ ጸሐፊ ብቻ ነው። ያንቺን ደብዳቤ ባነበብኩ ጊዜ እኔም ሞከርኩት። አንድ የየመን ነጋዴ ዕቃው ሲወጣለት «ይህን ልጅ መርቀው» አልኩት። ነጋዴው መረቀ። ዋበሪ፣ እዚህ አለቃን በፈረንሳይኛ «ሙሴ» ነው የሚሉት፣ ምን አለኝ መሰለሽ? «ሙሴ፣ ምርቃቱ ይቆይና መጀመሪያ አንተ በስሜ ጥራኝ።»

በኔ ጊዜ፣ እዚያ ሶማሌ ተራ፣ ምስጋናው ሁሉ በዚያ በተዘጋ በር ውስጥ ነበር የሚቀረው። ለዚያም ነው የወጣሁት። እዚህ መጥቼ ቢሮ ሲሰጡኝ መጀመሪያ ያስገጠምኩት በር ነው።

ትመጪ እንደሆን ቦታው ያንቺ ነው። አትመጪም እንደሆን በግልጽ ጻፊልኝ። ስለ ጋሼ ሙሉብርሃን ግን ሦስተኛ ጊዜዬ ነው የምጠይቅሽ።

ዱባለ


ሶማሌ ተራ
መስከረም 5 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለጋሼ ዱባለ

እንኳን ከዘመን ዘመን አሸጋገረዎት። ዓመቱ ሰውን በስሙ የሚጠሩበት እንጂ የሚጮሁበት አይሁን። አዎ፣ ይጮሁ ነበር፣ አይካዱኝ፤ የሚጮህ ሰው በጽሑፉ ያስታውቃል፣ ራሴ ስለምጮህ አውቀዋለሁ። ልዩነታችን እኔ ስጮህ በቆሎ ይዤ መመለሴ ነው።

ፍርድዎን ለቢሮው ሰው አነበብኩላቸው። «እሺ፣ ሁላችሁም አይሁን በሉልኝ» አልኳቸው። ሠርኬ «እምቢ» አለች፤ እስከዛሬ ማንንም እምቢ ብላ አታውቅም። ከተማ «እኔማ ለመጀመሪያውም ለመጨረሻውም ነው አሜን ያልኩት» አለ። ሰዓደት አንገቷን ደፍታ ማሽኑን ትመታለች፣ ጆሮዋ ቀልቷል። ሐጂ ሰላሁዲን ጋ መሄድ እንኳ አላስፈለገኝም። በቃ፣ ተፈረደብኝ።

አንዱን ፎቶ ሰዓደት ወሰደችው። እንደ መንግሥት ፋብሪካ ከማሽኔ በላይ ግድግዳው ላይ ለጥፋ «ኮከብ ሠራተኛ» ብላ ጻፈችበት። ጓድ አሸብር ሲያየው በጣም ደስ አለው። እኔም… ይተዉት። ፀጉሬ ያምራል። ሁለተኛውን ለርስዎ ልኬዋለሁ፣ ለቪዛ አይደለም፣ ግድግዳ ላይ እንዲሰቀል ነው።

አሁን ስለ ጋሼ ሙሉብርሃን። ሦስቴ እስኪጠይቁኝ ያልመለስኩልዎት በኩርፊያ ነው፤ ቤታቸውም ከዚያ ቀን ወዲህ ረግጬ አላውቅም ነበር። የመጨረሻው ጆንያ ባዶውን የወረደ ዕለት ሰዓደት «ክረምቱ ሁሉ የተመረቀው በሳቸው ቤት ነው፤ እሳቸው ግን አንድም አሜን አልሰሙም» አለች። በእንቁጣጣሽ ሁላችንንም ይዛን ሄደች። አልሄድም ብዬ ነበር። የክት ቀሚሴን ለብሼ ሄድኩ።

ከስተዋል። ንግግራቸው በግማሽ አፍ ነው፣ ግን ይሰማል። ሰዓደት ክረምቱን ነገረቻቸው፤ ሂሳቡን ሳይሆን ምርቃቱን፣ የቆርቆሮ ነጋዴውን፣ የጓዱን፣ የሐጂን። ጋሼ ሙሉብርሃን እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ «ይመርቁን» አለቻቸው። ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ። ግራው አልነሳ አለ። ሁሉም ሰው ወደ መሬት ሲያይ እኔ ተነስቼ ሄድኩና ግራ እጃቸውን ከሥር ይዤ አነሳሁላቸው። ቀዝቃዛ ነው እጃቸው፣ ቀላል ነው። ያን ሁሉ ክረምት የተቆጣሁት እዚህ እጅ ላይ ነው ወይ አልኩ። ቀና ብለው አዩኝና «አልጋነሽ፣ አንቺ ባትኖሪ እሷን አልሾምም ነበር» አሉኝ። ጋሼ፣ እስኪ ይሄን አለቃ መባል ይበልጠዋል?

ሁላችንንም በየስማችን መረቁን። ሲጨርሱ እጃቸውን ላወርደው ስል «ቆይ» አሉኝ። «ዱባለስ?»

እርስዎንም መርቀዋል፣ በስምዎ ጠርተው። እኛ በርስዎ ፈንታ አሜን ብለናል፤ ግን ይሄ የርስዎ አሜን ይጎድለዋል። የምርቃቱን ቃል ከወረቀቱ ጀርባ ጽፌዋለሁ። ከመገልበጥዎ በፊት እንዲህ ያድርጉልኝ፤ በሩን ይክፈቱት። ዋበሪን በስሙ ይጥሩትና አጠገብዎ ያቁሙት። ሁለታችሁም መዳፋችሁን ዘርጉ። ጮክ ብላችሁ አሜን በሉ። አሜኑ ይቅደም፣ ግልበጣው ይከተል። ኧረ ጋሼ አይስረቁ፣ አይቼዎታለሁ!


(ከወረቀቱ ጀርባ)

«ዱባለን ወደ ወንበሩ ይመልስልኝ።»

ይኸው ነው ቃሉ። አሜን ብለዋል፣ ዋበሪም ምስክር ነው። አይሁን ለማለት ቢያምርዎት ሕጉን ራስዎ ጽፈው ልከውልኛል፤ አብረን አሜን ያልነውን ሁሉ ሰብስበው አንድ ላይ አይሁን ማሰኘት አለብዎት። ያ ደግሞ በአቶ ቶላ እጅ አይሆንም፣ መምጣት ነው ያለብዎት። ጠረጴዛዎን ከሰዓደት ጎን፣ በሩ ጋ አስቀምጠነዋል። ደረጃው እንደሚያቃስት ያውቃሉ፤ ሲወጡ ከሩቅ እንሰማዎታለን።

ሪባን ይዘው ይምጡ። ስምንቱ እንደገና ሦስት መምሰል ጀምሯል።

አልጋነሽ